እቴቴ ሳታውቅ ያቃናሁት ሽቦ

ኋላ ደበቀች እንዳልባል ዋናውን ነገር መጀመሪያ ልናገር። እቴቴ የእናቴ ታላቅ እህት ናት፤ የብር ጌጣጌጥ በእጇ ትሠራለች። እኔ ደግሞ ዓመት ከሦስት ወር ሙሉ እሷ ሳታውቅ ሥራዋን ሳቃና ኖሬያለሁ። ያን ጊዜ ብልጥ የሆንኩ መስሎኝ ነበር።

ስድስተኛ ክፍልን በጭንቅ ያለፍኩ፣ ሰባተኛን ሁለቴ ጀምሬ ሁለቴ የተውኩ ሰው ነኝ። አስተማሪዬ ለእናቴ «ምላሷ ከእጇ ይፈጥናል» ብሎ ነገራት። እናቴም እጄ ምን እንደሚችል ይታይ ብላ ወደ እህቷ ላከችኝ። እቴቴ በሩ ላይ ቆማ ከላይ እስከ ታች አየችኝና፣

«መጀመሪያ ጥፍርሽን ቁረጪ፣ ከዚያ ትገቢያለሽ» አለችኝ።

«ጥፍሬ ምን አደረገሽ?»

«እኔን ምንም። ብር ግን ይጭራል።»

«ብሩን ሳልነካው ይጭረዋል?»

ትንሽ አሰበችና «ምላጭ ነው የላከችልኝ» አለች፤ እህቷን ማለቷ ነው። ከዚያን ቀን ወዲህ ምላጭ ሆኜ ቀረሁ፤ በስሜ ጠርታኝ አታውቅም።

ቤቱ ሁለት ክፍል ነው፤ የኋላው መኝታ፣ የፊተኛው ሥራ ቤት። የሥራ ጠረጴዛዋ መንገዱን በሚያሳየው መስኮት ሥር ነው። ጠረጴዛው መሃሉ በግማሽ ክብ ተቆርጦ ወጥቷል፤ እሷ እዚያ ውስጥ ገብታ ትቀመጥና ጭኗ ላይ ቆዳ ትዘረጋለች። ሞረዱ ብሩን ሲፍቀው የሚረግፈው ብናኝ ቆዳው ላይ ይጠራቀማል፤ ሲበዛ እናቀልጠዋለን። የእኔ ቦታ በስተቀኟ፣ ከውሃው ሳፋና ከመወልወያው ጋር ነው።

ሥራችን የተከፋፈለ ነው። ሽቦ መጎተት የእኔ። ብዙ ቀዳዳ ያለው የብረት ሰሌዳ አለን፤ ሽቦውን በሰፊው ቀዳዳ አስገብቼ እጎትታለሁ፣ ቀጥሎ በጠበበው፣ ቀጥሎ ደግሞ ከዚያም በጠበበው፣ ክር እስኪመስል ድረስ። መሳል፣ መቁረጥ፣ መደርደርና መበየድ የእሷ። የተበየደውን ማጠብ፣ መወልወል፣ ማንጠልጠያ አድርጎ ሳጥን ውስጥ መክተት እንደገና የእኔ። እንግዲህ ልብ በሉ፤ መጨረሻ የሚነካው እጅ የእኔ ነው። እሷ የሠራችውን ከእጇ ከለቀቀች ወዲያ ተመልሳ በማጉያ አታየውም።

እቴቴ የምትስለው ያገለገለ ፖስታ ጀርባ ላይ ነው፤ ንጹሕ ወረቀት «አፍጥጦ ያየኛል» ትላለች። ሰው ሁሉ የሚያውቃት «ዝናብ» በምትለው የጆሮ ጌጥ ነው። መስኮቷ ላይ ዝናቡ ሲወርድ አይታ ያወጣችው ነው አሉ፣ እኔ ሳልወለድ። አሥራ አንድ ቀጫጭን የብር ሽቦ፣ ላይኛው ጫፋቸው ላይ ብቻ ተበይደው፣ ቀጥ ቀጥ ብለው ይወርዳሉ፤ አንዱ ካንዱ አይነካካም፣ ርዝመታቸው በትንሽ በትንሹ ይለያያል። አበባ የለው፣ ፈርጥ የለው።

መጀመሪያ ያየሁት ቀን «መቼ ነው የሚያልቀው?» አልኳት።

«አልቋል።»

«ይሄ መስመር ነው እንጂ ጌጥ ነው?»

«አድርጊውና ራስሽን ነቅንቂ።»

አደረግኩትና መስታወት ፊት ራሴን ነቀነቅኩ። ሽቦዎቹ ተራ በተራ ብርሃን ያዝ ለቀቅ እያደረጉ ጉንጬ ላይ እውነትም የሚዘንብ መሰለ። ዝም አልኩ። እቴቴ ዝምታዬን እንደ ትልቅ ምስጋና ቆጠረችው፤ ለሳምንት ያህል ለመጣው ሰው ሁሉ «ይቺ እንኳ ዝም አለችለት» ስትል ሰነበተች።

«አበባና ቅጠል ብሠራ ግማሽ ስህተቴን ቅጠሉ ይሸፍንልኛል» ትለኝ ነበር። «ቀጥ ያለ ሽቦ ላይ ግን የት ትደበቂያለሽ?»

የምትሠራው በቀኝ ዓይኗ ነው። ማጉያዋ ትንሽ ጥቁር ሲኒ የመሰለች ናት፤ በቅንድቧና በጉንጯ ጨብጣ ትይዛትና ግራ ዓይኗን ጨፍና ትሠራለች። ሠላሳ ዓመት እንደዚያ ነው። ቀኝ ዓይኗ ዙሪያ ክብ ምልክት አውጥቷል፤ «ማኅተምሽ» እያልኩ እቀልድባታለሁ። ያለ ማጉያ ቅርብ ነገር አይታያትም። ዕድሜ ነው፤ እጇ ላይ ያለ ሽቦ ብልጭ ሲል ብቻ ነው የምታየው።

ነገሩ አንድ ጠዋት ጀመረ።

«ምላጭ፣ ይሄ ሽቦ ጠማማ ነው።»

«ቀጥ ያለ ነው።»

«እና እኔ ነኝ የምዋሸው?»

«ማንም አልዋሸ። መስታወት ላይ ላንከባልለው?»

ሽቦ ቀጥ ማለቱ የሚታወቀው መስታወት ላይ ሲያንከባልሉት ነው፤ የጎበጠ ከሆነ እየተንከራፈፈ ይሄዳል። አንከባለልኩት፤ እንደ ውሃ ፈሰሰ። እሷ ግን ከጣቴ ሥር ቀማችኝና ማጉያዋን አድርጋ፣ ፒንሳዋን አንስታ፣ ዓይኔ እያየ አጎበጠችው። ከዚያ ረካ ብላ ተነፈሰችና «አሁን ቀና» አለች።

የምትቀልድብኝ መስሎኝ ሳቅ አልኩ።

«ምን ያስቅሻል?»

«ምንም።»

ያን ቀን ከበየደቻቸው አሥራ አንድ ሽቦዎች ሦስቱ ጎብጠው ነበር። እቴቴ ከምሳ በኋላ አንድ ሰዓት ጋደም ትላለች። የምወለውል መስዬ ተቀመጥኩና አቃናኋቸው። ብር ከእሳት ከወጣ በኋላ ለስላሳ ነው፤ አፉ በቆዳ በተጠቀለለ ፒንሳ ቀስ አድርገው ሳብ ሳብ ሲያደርጉት ይታዘዛል። ስትነሳ ሳጥን ውስጥ ከትቼው አገኘችው።

ያን ቀን ያልነገርኳት ጭቅጭቅ ሰልችቶኝ ነው። በማግስቱም እንደዚያው። በሦስተኛው ቀን ግን ሌላ ነገር ገባበት።

ከዋናው መንገድ ላይ ፋርማሲ ያላት አንዲት ሴትዮ አለች፤ የቆየች ደንበኛችን ናት። መጥታ ዝናቡን ወደ ብርሃን አንስታ እያየች «እጅሽ ይባረክ፤ አንቺ እኮ ዕድሜሽ በጨመረ ቁጥር እጅሽ እየቀና ሄደ» አለቻት። እቴቴ እንደ ልጃገረድ አፈረች። እኔ ሳፋው ጋ ቆሜ በሆዴ «የማን እጅ እንደሆነ ብታውቂ» አልኩ። ፊቴ በፈገግታ ሊፈነዳ ደርሶ ጎንበስ ብዬ ወለሉን ጠረግኩ፤ ወለሉ ንጹሕ ነበር። ዕድሜዬን ሙሉ እጄን ያመሰገነ ሰው አልነበረም። አሁን ተመሰገነ፣ በሰው ስም ቢሆንም።

ወዲያው እቴቴ በማጉያዋ ማማረር ጀመረች። በቀን አሥሬ በቀሚሷ ጫፍ ትጠርገዋለች። «መሃሉ ላይ ጭጋግ አለው» ትላለች። ምናልባት መስታወቱ አርጅቷል ብላ መነጽር ሠሪው ዘንድ ላከችኝ።

መነጽር ሠሪው የራሱን መነጽር በክር አንገቱ ላይ ያንጠለጠለ ሽማግሌ ነው። ማጉያውን ወደ መብራት አዙሮ አየው፣ በጨርቅ አሸው፣ እንደገና አየው።

«ይሄ ንጹሕ ነው፣ ልጄ።»

«ጭጋግ አለው ነው የምትለው።»

«የት ላይ?»

«መሃሉ ላይ።»

«ቀጥ ያለ ነገርስ ጎብጦ ይታያታል?»

«አላውቅም» አልኩት። ዓይኔን በጨው አጥቤ።

ማጉያውን በወረቀት ጠቀለለልኝና እጄ ላይ አስቀምጦ እጄን ጭብጥ አደረገው። «ጭጋጉ እዚህ ላይ አይደለም። ዓይን ሐኪም ዘንድ ትሂድ። ይሄ ዛሬ ነገ የሚባል ነገር አይደለም፤ ሳትውል ሳታድር ንገሪያት፣ እሺ?»

«እሺ» አልኩት።

ወደ ቤት ስመለስ እግሬ ሁለት ልብ ሆነ። ልነግራት ነው እያልኩ እስከ ዳቦ ቤቱ ደረስኩ። ከዳቦ ቤቱ እስከ ቤታችን ያለው መንገድ አጭር ነው፤ ግን ብዙ አሰብኩበት። ሐኪም ሥራ አቁሚ ቢላትስ? ሥራ ቤቱ ቢዘጋስ? እኔ ወደ እናቴ ቤት ልመለስ ነው፤ ከዚያም ሰባተኛ ክፍል፣ ትከሻዬ ላይ ከማይደርሱ ልጆች ጋር፣ ለሦስተኛ ጊዜ። ደግሞም ሥራው ደህና እየወጣ አይደል? ማን ተጎዳ? እንደዚህ እንደዚህ እያልኩ በሩን ከፈትኩ።

«ምን አለ?» አለችኝ።

«አጸዳልሽ።»

ማጉያዋን አደረገች፣ ሽቦዋን አየች፣ ራሷን ነቀነቀች። «ተሻለ» አለች። «እውነትም ቆሽሾ ነበር።»

ይቺን «ተሻለ» የምትል ቃል እስከ ዛሬ አልረሳኋትም።

ጎባጣው ከሦስት ወደ አምስት፣ ከአምስት ወደ ሰባት ወጣ። የምሳ እረፍቷ አልበቃ አለኝ። «ደክሞሻል፣ ትንሽ ጨምሪ» እያልኩ ብርድ ልብሱን እስከ አገጯ ስቤ አስተኛት ጀመር።

«አንቺ ደግሞ ከመቼ ወዲህ ነው ያዘንሽልኝ?»

«ከዛሬ ወዲህ።»

«እንግዲህ ልሞት ነው ማለት ነው» ትልና እየሳቀች ትዞራለች። እሷ ዓይኗን ስትከድን እኔ ፒንሳዬን አነሳለሁ። እጄ በጣም ጎበዝ ሆኖ ነበር። እንዲህ ነው እንግዲህ አንድ ዓመት ያለፈው።

አንድ ቀን እናቴ ከደረጃ ወድቃ እጇን ተሰበረችና ስድስት ቀን ላስታምማት ሄድኩ። ስሄድ ጠረጴዛው ላይ ያልተጀመረ ትእዛዝ ነበር፤ የፋርማሲዋ ሴትዮ ለእህቷ ያዘዘችው ዝናብ። «እኔ እስክመጣ አቆዪው» አልኳት። «አንቺ ከመወለድሽ በፊትም እሠራ ነበር እኮ» አለችኝ።

በሰባተኛው ቀን ስመለስ የፋርማሲዋ ሴትዮ ሥራ ቤቱ ውስጥ ቆማለች። ሳጥኑ ክፍት ነው።

«እንዳይከፋሽ አደራ» ትላለች፣ ቃል እየመረጠች። «ምናልባት ቦርሳዬ ውስጥ ተጫጭኖ ይሆናል። ትንሽ ተጣሞብኛል።»

ከበሩ ሆኜ አየሁት። ትንሽ አይደለም። አሥራ አንዱም ሽቦ በአንድ ያበጠ ነገር ዙሪያ የሚዞር ይመስል መሃሉ ላይ ሸሽቷል።

እቴቴ ማጉያዋን ቀኝ ዓይኗ ላይ አድርጋ አየች። ቆየች። «የቱ ጋ ነው?»

«ይኸው፣ እዚህ... ሁሉም ጋ።»

«ቀጥ ያለ ነው።»

ሴትዮዋ እኔን አየችኝ። እኔ ጫማዬን አየሁ። እቴቴ ማጉያዋን አውልቃ ጠረገችው፤ ከዚያ ምን እንደመጣላት እንጃ፣ ግራ ዓይኗ ላይ አደረገችው። ግራ ዓይኗ ማጉያ መያዝ አያውቅም፤ ሁለቴ ጭኗ ላይ ወዳለው ቆዳ ወደቀባት። በሦስተኛው በጣቷ ደግፋ አየች። ወደ ቀኝ መለሰችው። እንደገና ወደ ግራ። መንገድ ላይ የሚያልፈው ሰው እግር ይሰማኝ ነበር።

«ተይልኝ፣ በሳምንቱ አደርስልሻለሁ» አለቻት። ድምጿ ምንም አልሆነም። ሴትዮዋ ይቅርታ እየጠየቀች ወጣች፤ እሷ ምን አድርጋ ይቅርታ እንደምትጠይቅ አላውቅም።

«ምላጭ።»

«አቤት።»

«ሳጥን ውስጥ ያለውን ሁሉ አምጪ።»

አምስት ሳጥን ነበር። አንድ በአንድ እያወጣች በግራ ዓይኗ አየች። ሁሉም ቀጥ ያለ ነው፤ ጎበዝ ነበርኩ ብያለሁ።

«እነዚህን የሠራሁት አንቺ እያለሽ ነው» አለች። «ያንን የሠራሁት ሳትኖሪ ነው።»

«አዎ።»

«ከመቼ ጀምሮ?»

«ትንሽ ጊዜ ነው።»

«ትንሽ ስንት ነው?»

«ዓመት... አልፎታል።»

ትጮህብኛለች ብዬ ትከሻዬን ሰበሰብኩ። አልጮኸችም። ጭኗ ላይ ያለውን ቆዳ ብናኙ እንዳይበተን በጥንቃቄ አጠፈችና ተነሳች። «ጫማሽን አታውልቂ፤ ሐኪም ቤት ታደርሺኛለሽ» አለችኝ።

ሐኪሟ ወጣት ናት። ጠብታ ጨመረችላት፣ በመሣሪያ አየቻት፣ የዓይኗን ጀርባ ፎቶ አነሳችው። ከዚያ እንደ ሒሳብ ደብተር በካሬ በካሬ የተሰመረ ወረቀት ሰጠቻትና ግራውን ሸፍነው በቀኙ ይዩ አለቻት።

«መስመሮቹ እንዴት ናቸው?»

«መሃሉ የለም» አለች እቴቴ። «ዳር ዳሩ ውሃ ውስጥ የገባ ይመስላል።»

ሐኪሟ ወንበሯን አቀረበች። «እማማ፣ ቀኝ ዓይንዎ ከኋላው ደም ሲያፈስ ቆይቷል። አሁን ጠባሳ ሠርቷል። ሲጀምር ቢመጡ ኖሮ በመርፌ ልናቆመው እንችል ነበር፤ ጠባሳውን ግን የምንመልስበት መንገድ የለንም። ግራው ደህና ነው፤ በየወሩ እየመጡ እናየዋለን።»

«ሲጀምር ማለት መቼ ነው?»

«ዓመት ገደማ በፊት ቢሆን ጥሩ ነበር። ቀጥ ያለ ነገር ጎብጦ ሲታይዎ አላስተዋሉም?»

እቴቴ ወረቀቱን መለሰችላት። «ሥራዬ ቀጥ ብሎ ይወጣ ነበር» አለች።

ሐኪሟ አልገባትም፤ ወረቀቷ ላይ ጻፈች። ለእኔ ገባኝ።

ስንወጣ ጠብታው ዓይኗን በርግዶት ፀሐዩ አስቸገራት፤ ክንዴን ይዛ ትሄዳለች። ዳቦ ቤቱ ጋ ስንደርስ ከዚህ በላይ መሸከም አቃተኝ።

«እቴቴ፣ መነጽር ሠሪው ማጉያው ንጹሕ ነው ብሎኝ ነበር። ሐኪም ዘንድ ትሂድ፣ ንገሪያት ብሎኝ ነበር።»

ቆመች። «መቼ?»

«ያኔ። የላክሽኝ ቀን።»

ክንዴን ለቀቀችው። በአንድ እጇ ዓይኗን ከፀሐይ ጋርዳ፣ በሌላው የአጥሩን ግንብ እየዳበሰች ብቻዋን ሄደች። እኔ ሁለት እርምጃ ከኋላዋ ተከተልኩ። የሚያውቁን ሰዎች ሰላም ሲሉን የምትመልሰው እሷ ነበረች፣ በደህና ድምፅ።

ቤት ገብታ ከተቀመጠች በኋላ ነው «ለምን?» ያለችኝ።

«ሰባተኛ ክፍል የምትመልሱኝ መስሎኝ።» ቃሉ ከአፌ ሲወጣ ምን ያህል ትንሽ እንደሆነ ለራሴም ተሰማኝ። ሌላውንም ጨመርኩ፣ እንግዲህ ከጀመርኩ አይቀር። «ደግሞ ሰው ሥራሽን ሲያመሰግን ደስ ይለኝ ነበር። የኔ ነው እል ነበር በሆዴ።»

«ጎበዝ መሆንሽ አልከፋኝም» አለች። «ከመሃሉ አንድ ጎባጣ ብትተዪልኝ ምን ነበር? አንድ። አንድ ሰው ያንን ይዞ ይመጣልኝ ነበር።»



ታባርረኛለች ብዬ በማግስቱ ልብሴን በከረጢት ከትቼ ነበር። ከረጢቱን አይታ «የፋርማሲዋን ሥራ ማን ሊጨርሰው ነው?» አለችኝና ጠረጴዛው ግማሽ ክብ ውስጥ አስቀመጠችኝ። ማንኛዋም ልጅ የምትመኘው ቦታ ነው፤ እኔም ስመኘው ነበር። ስቀመጥበት ወንበሩ የእሷን ልክ ይዟል፤ እግሬ አልደረሰም። ጉልበቴ ላይ ቆዳዋን ዘረጋሁና አለቀስኩ። «ብሩን ታረጥቢዋለሽ» አለችኝ፤ የቀለደችው እሷ ናት፣ እኔ አይደለሁም።

ዝናቡን ሠርቼ ጨረስኩ። ሴትዮዋ ወደደችው። እቴቴ «የዚህች ልጅ ሥራ ነው» አለቻት፣ ደጋግማ፣ ሴትዮዋን እስኪሰለቻት። ያን ያህል ጊዜ የተመኘሁት ነገር ነበር፤ ሲመጣ መሬት ውጪኝ አሰኘኝ።

እሷ አሁን እኔ በነበርኩበት ቦታ ትቀመጣለች፤ ትወለውላለች፣ ትስላለች። ፖስታው ላይ የምትስላቸው ሐሳቦች ከድሮው ይበልጣሉ፤ የእጅ አምባር፣ ደረት ላይ የሚሰካ የጌጥ መርፌ፣ እኔ ገና ልሠራው የማልችለው ዓይነት። ከሰዓት በኋላ አትተኛም። ማጉያውን ግራ ዓይኗ ላይ እያደረገች ትለማመዳለች። እጇና ቀኝ ዓይኗ ሠላሳ ዓመት አብረው ነው የተማሩት፤ ግራው ያየውን እጇ አያምነውም። ፒንሳዋ ከሽቦው ጎን ይወርዳል። ስትስት ትደግማለች።

ባለፈው ሳምንት አምስት ሽቦ ብቻ ያለው ትንሽ ዝናብ ሠራች። ሦስት ቀን ፈጀባት። ማንጠልጠያውን ይዛ ወደ እኔ ዘረጋችውና «እህ?» አለችኝ።

መስኮቱ ጋ ወስጄ አየሁት። አራቱ ቀጥ ብለዋል። ሦስተኛው ወገቡ ላይ በጥቂቱ ወደ ውስጥ ገባ ብሏል። ደንበኛ አያየውም። ጀርባዬ ለእሷ ነው፤ በአውራ ጣቴ አንዴ ጫን ባደርገው ያበቃል። ፊቷን በመስኮቱ መስታወት አየሁት፤ አገጯን ቀና አድርጋ ትጠብቃለች፣ የፈተና ወረቀቱን እንዳስረከበ ልጅ።

«ጎብጧል» አልኳት።

«ስንተኛው?»

«ሦስተኛው።»

ጣቷን ይዤ ቦታው ላይ አሳረፍኩት። ወደ ላይ ወደ ታች ዳበሰችው።

«አይሰማኝም።»

«አለ፣ እቴቴ።»

«ብዙ ነው?»

«ትንሽ ነው። ግን አለ።»

ጣቷን ቶሎ አላነሳችም። ከዚያ «አቅልጪው» አለችኝና ፖስታዋን ወደ ራሷ ሳበች። እሳቱን ለኮስኩ። ሦስት ቀን የተለፋባቸው አምስት ሽቦዎች ቀልተው፣ ጎንበስ ጎንበስ ብለው፣ አንድ ጠብታ ብር ሆኑ። እቴቴ መሳሏን ትታ መንገዱን ስታይ ነበር። እኔ እሳቱን ካጠፋሁ በኋላም ቶሎ አልዞርኩም።